ውኃው የአባቴ ነው

ሴትዮዋ ገንዳ ውስጥ ውኃ ሲያዩ ይጮኹ ነበር። ሁላችንም ውኃ ፈርተው ነው እንል ነበር፤ እኔም ብሆን ሁለት ሳምንት ሙሉ እንደዚያ ነበር የመሰለኝ።

ነገሩ የሆነው በፈረንጆቹ ሁለት ሺህዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው። አሜሪካ፣ ፕሊማውዝ የሚባል ከተማ ውስጥ ባለ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ነርስ ረዳት ሆኜ እሠራ ነበር። ቤታችን ፊሊፕስ የሚባል ሰፈር ነው። ፈጅር ሰግጄ፣ ልጆቹን ለባለቤቴ ትቼ፣ መኪናው ላይ ያደረውን በረዶ ጠርጌ ወደ ምዕራብ ድራይቭ አደርጋለሁ። ሺፍቴ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ይጀምራል። ሥራው ማንሳት፣ ማጠብ፣ ማልበስና ማብላት ነው። ሲያወሩት ቀላል ይመስላል። ዘጠና ዓመት የኖረ ገላ ግን ልብስ አይደለም፤ ባለቤቱ እሺ ካላለ አይታጠብም።

ሴትዮዋ ያኔ ዘጠና ስድስት ዓመታቸው ነበር። ቀጭን፣ አጭር፣ የልብሳቸው ቁልፍ እስከ አንገታቸው ካልተቆለፈ ከክፍላቸው የማይወጡ ሰው ነበሩ። ሠራተኞቹ ሽማግሌዎቹን ሁሉ «ስዊትሃርት» እያሉ ሲጠሩ እሳቸው፣ «እኔ የማንም ስዊትሃርት አይደለሁም» ብለው ስማቸውን ይናገራሉ። እኔ በልቤ እማማ ነበር የምላቸው። አንድ ቀን የት ጠፍተሽ ነው ሲሉኝ ዙሁር ስሰግድ ቆይቼ መሆኑን ነገርኳቸው። ስንት ሰዓት እንደሆነ ጠየቁኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እኩለ ቀን ካለፈ በኋላ ክፍላቸው ከተገኘሁ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አይተው፣ «ሰዓትሽ ደርሷል፤ ሂጂ» ይሉኝ ነበር። እኔ ስረሳ እንኳን እሳቸው አይረሱም።

በኖቬምበር ስትሮክ መታቸው። ሆስፒታል ዐሥር ቀን ቆይተው ሲመለሱ ቀኝ እጃቸው ዝሎ፣ እንግሊዝኛቸውም ጠፍቶ ነበር። ድምፃቸው አለ፤ እንዲያውም ከበፊቱ በርትቷል። የሚያወሩት ግን ለማንም አይገባም። ከሆስፒታል የመጣው ወረቀት ንግግራቸው ትርጉም የሌለው መሆኑን ይናገራል። ምግብ ሳቀርብላቸው ያወራሉ፣ ልብስ ሳለብሳቸው ያወራሉ። ገላቸውን ወደምናጥብበት ክፍል ወስደን በሞቀ ውኃ የተሞላውን ገንዳ ሲያዩ ግን ጩኸት ይጀምራሉ። የገንዳውን ጠርዝ በግራ እጃቸው ይይዛሉ፤ ላስለቅቃቸው ስል ይመቱኛል። አንድ ጊዜ ጉንጬን ቧጨሩኝ። ሦስት ቀጠሮ እንዲህ አለፈ።

የፎቁ ዋና ነርስ መጥፎ ሰው አልነበረችም። ሃያ ምናምን ዓመት የሠራች፣ እግሯ እያበጠ እንኳን የማትቀመጥ ሴት ነበረች። ምሳ ሰዓት ላይ ጠርታኝ፣ «በሚቀጥለው ወር መጀመሪያ ስብሰባ አለ» አለችኝ። «ወደ ሦስተኛ ፎቅ እናዛውራቸዋለን። ዶክተሩም የሚያረጋጋ መድኃኒት ያዝላቸዋል።»

ሦስተኛ ፎቅ በሩ ተቆልፎ የሚውል ነው። አእምሯቸውን የሳቱ ሰዎች ናቸው እዚያ ያሉት። የሚሰጣቸው መድኃኒት ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ያስተኛቸዋል። ወጥተው የተመለሱ ሰው አላየሁም።

«ልጃቸው ምን አለች?» አልኳት።

«አለቀሰች፤ ግን ተስማማች። ምን ታድርግ?»

እሺ ብዬ ወጣሁ። መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ምሳዬን ከፈትኩ። የባለቤቴ አክስት ትዝ አሉኝ። ከሁለት ዓመት በፊት እዚሁ ከተማ አንድ ሆስፒታል ተኝተው ነበር። ሄደን ስንጠይቅ፣ «ሌሊቱን ሙሉ ሲቃዡ አደሩ፤ የምንሰጣቸውን ውኃ አይጠጡም፣ መሬት ላይ ያፈሱታል» አሉን። አክስታችን ደግሞ እኛን ሲያዩ በንዴት፣ «ለሶላት ልታጠብ፣ ውዱእ ላደርግ ነው ብላቸው ጠጪ ይሉኛል» አሉን። አእምሯቸው እንደ ምላጭ የሰላ ነበር። ቃዡ የተባሉት አማርኛ ስላወሩ ነው።

ይህ ትዝ ሲለኝ፣ እማማስ አልኩ ለራሴ።

በማግስቱ ቁርስ ሳበላቸው ጆሮዬን ሰጥቼ አዳመጥኩ። የቃዠ ሰው ወሬ ይዘበራረቃል። የእሳቸው ግን ቅጥ አለው፤ እዚህ ላይ ይወጣል፣ እዚያ ላይ ይወርዳል፣ መጨረሻው ላይ የጥያቄ ቃና አለው፤ ከጠየቁ በኋላም ዝም ብለው ዓይን ዓይኔን ያዩኛል። መልስ የሚጠብቅ ሰው ዓይን ነው። ተመሳሳዩ ጥያቄ ደግሞ በቀን ዐሥር ጊዜ ይመለሳል።

ኪሴ ውስጥ ትንሽ ማስታወሻ ደብተር ነበረኝ። በእንግሊዝኛ ፊደል ልጽፈው ሞክሬ ድምፁ አልያዝልኝ አለ። በአማርኛ ስጽፈው ግን ቁጭ አለ። የገባው ያለ መሰለኝ፤ ፊደሉ ገብቶት ነበር። በሦስት ቀን ውስጥ ሦስት አረፍተ ነገር ለቀምኩ። ገንዳው ዘንድ ሲጮኹ የሚሉት «ዱር ንሃድ ዩ ሁን» ነው። ዱርም የእኛ ቃል፣ ሁንም የእኛ ቃል፤ ለራሴ ገረመኝ። ክፍላቸው ውስጥ የሚጠይቁኝ ደግሞ «ብሌ ማይ ንሃድ» እና «ኦዲ ኤ ወዲ ዶድ ላን» የሚሉ ናቸው። ንሃድ የምትለዋ ሁለት ቦታ አለች። ቃዠ የተባለ ሰው እንዴት አንድ ቃል ሁለት ቦታ በትክክል ያስቀምጣል?

ቅዳሜ ልጃቸው መጣች። ስልሳ ሰባት ዓመቷ ነው። በእኛ ወግ አንቱ ልላት ይገባኝ ነበር፤ እንግሊዝኛ አንቱ ስለሌለው ግን አንቺ ሆና ቀረች። እናቷ የየት አገር ሰው እንደሆኑ ጠየቅኳት።

«ዌልስ ነው የተወለደችው» አለችኝ። «እንግሊዝ አጠገብ ነው። በሃያ ዓመቷ አካባቢ ነው የመጣችው።»

«ዌልስ የራሱ ቋንቋ አለው?»

«አለው መሰለኝ። እናቴ ግን አውርታው አታውቅም። አባቴ ከኖርዌይ ከመጡ ሰዎች ነው የተወለደው። የአባቴ እናት እዚህ ቤት ወይ ኖርዌይኛ ወይ እንግሊዝኛ ነው የሚወራው ብላ ነበር አሉ። እናቴ እንግሊዝኛውን መረጠች። አንዳንዴ ልብስ ስታሰጣ የማናውቀው ነገር ታንጎራጉር ነበር እንጂ . . .»

እኔ ደብተሬን አውጥቼ ያንን የእኔን ፊደል አሳየኋት። ማንበብ እንደማትችል ታውቃለች፤ ቢሆንም ወረቀቱን ይዛ ብዙ አየችው። ከዚያ ኮቷን ሳታወልቅ ተነሥታ ሄደች።

ማክሰኞ ደወለች። ሴይንት ፖል በኩል የዌልስ ሰዎች ልጅ ልጆች በዓመት አንድ ጊዜ ተሰብስበው የሚዘምሩባት ትንሽ ቤተ ክርስቲያን እንዳለች አጠያይቃ አገኘች። እዚያ ዝማሬውን የሚመሩ የሰማንያ አንድ ዓመት ሽማግሌ አሉ፤ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሾፌር የነበሩ፣ አሁን ኩን ራፒድስ የሚኖሩ ሰው ናቸው። ከከተማው ደቡብ ባለ የአያቶቻቸው እርሻ ላይ ነው ቋንቋውን የተማሩት። ስልካቸውን ሰጠችኝና፣ «አንቺ ደውይ፤ ድምፁን የያዝሽው አንቺ ነሽ» አለችኝ።

በምሳ ሰዓቴ ከነርሶቹ ጠረጴዛ ደወልኩ። ማን እንደሆንኩ ነግሬያቸው ሳበቃ፣ «የጻፍኩትን ላንብብልዎት?» አልኩ።

«አንብቢ።»

«ዱር ንሃድ ዩ ሁን።»

ስልኩ የተቋረጠ መሰለኝ። «አሉ?» አልኩ።

«አለሁ። ድገሚልኝ፤ ቀስ ብለሽ።»

ደገምኩላቸው።

«ይህን ማን አስተማረሽ?»

«ማንም። የሰማሁትን ነው የጻፍኩት።»

«‹ይህ የአባቴ ውኃ ነው› ማለት ነው» አሉኝ። «ሌላስ?»

ሌሎቹን አነበብኩ። ብሌ ማይ ንሃድ፤ አባቴ የት ነው። ኦዲ ኤ ወዲ ዶድ ላን፤ ወደ ላይ ወጥቷል ወይ። ዋና ነርሷ ከጠረጴዛው ማዶ ቆማ ፊቴን ታያለች።

«ወደ ላይ የሚሉት ከየት ነው?» አልኳቸው ሽማግሌውን።

«ልጄ፣ በደቡብ ዌልስ አባት ወደ ላይ ወጣ ከተባለ ከድንጋይ ከሰል ጉድጓድ ነው። ሐሙስ እመጣለሁ» አሉኝ።

ሐሙስ መጡ። ባርኔጣቸውን አውልቀው ከአልጋው አጠገብ ተቀመጡና፣ «ቦሬ ዳ» አሉ። እንደምን አደርሽ ማለት ነው። እማማ ወደ መስኮቱ ዞረው ነበር። ቀስ ብለው ተመለሱ። ሽማግሌውን ከጫማቸው እስከ ራሳቸው አዩዋቸው። ከዚያ ማውራት ጀመሩ፤ አርባ ደቂቃ ያህል አላቆሙም። ሽማግሌው ባርኔጣቸውን በእጃቸው እያዟዟሩ ይሰማሉ፤ አልፎ አልፎ አንድ ነገር ይላሉ፤ እማማም ቆጣ ብለው ያቋርጧቸዋል።

ዋና ነርሷ በሩ ላይ ቆማ ነበር። «ምንድን ነው የሚያስቆጣቸው?» አለች።

ሽማግሌው እየሳቁ ዞሩ። «እያረመችኝ ነው። የእኔ ቤተሰብ የሰሜን ሰዎች ናቸው። እኛ ወደ ላይ ለማለት ሌላ ቃል ነው ያለን፤ እሷ ደግሞ የደቡብ ሰው ስለሆነች ላን ነው የምትለው። ይህ ሦስተኛ እርማቷ ነው።»

«እያረሙዎት ነው?»

«እንደ ትምህርት ቤት አስተማሪ።»

ነርሷ ሄዳ የእማማን ቻርት አመጣችና እዚያው ቆማ ጻፈችበት። ስብሰባው አልተሰረዘም፤ ግን እስከ ገና ድረስ ይቆይ አለች። እኔ ከፎጣዎቹ ክፍል ገብቼ በሩን ዘግቼ አለቀስኩ። ደስ ብሎኝ ነው።

ከዚያ ወዲያ ሽማግሌው በየሐሙሱ መጡ። የእማማ ልጅም መምጫዋን ሐሙስ አደረገች። እኔ ሥራዬን እያቀለልኩ ገባ ወጣ እያልኩ እሰማለሁ። እማማ ሲያወሩ ሽማግሌው በእንግሊዝኛ ይነግሩናል። የሚያወሩት ሁሉ የአንድ ዓመት ወሬ ነበር፤ ሰባት ዓመታቸውን የያዙበት፣ ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በፊት የነበረ ዓመት። በጣም ጠባብ ሸለቆ ውስጥ ያለ መንደር ነው። ቤቶቹ ተያይዘው እንደ ባቡር ተሰልፈዋል። ሸለቆው ሥር የከሰሉ ጉድጓድ አለ።

ዓመቱ የሚጀምረው በልጆች ነው። በአዲስ ዓመት ጠዋት ልጆች አንድ ፖም ሦስት የእንጨት እግር ሠርተውለት፣ በአጃ ፍሬ ወጋግተው፣ አናቱ ላይ ቅጠል ሰክተው ከቤት ቤት እየዞሩ ይዘምራሉ፤ ሳንቲም ይሰጣቸዋል። እኛ ዘንድ ልጆች በእንቁጣጣሽ አበባ ይዘው እንደሚዞሩት ነው። ግን እኩለ ቀን ከሆነ በሩ ሁሉ ይዘጋል። እማማ አንድ ቤት ዘግይተው ደርሰው ያጡትን ሳንቲም ከዘጠና ዓመት በኋላም አልረሱትም፤ ሲያወሩት ከንፈራቸውን ይነክሳሉ።

በዚያው ሰሞን ጎልማሶቹ የሞተ ፈረስ ራስ ቅል በረጅም እንጨት ላይ ሰክተው፣ ነጭ አንሶላ አልብሰው፣ በሪባን አስጊጠው ይዞራሉ። በር አንኳኩተው በግጥም ይጠይቃሉ፤ ውስጥ ያለው በግጥም ይመልሳል። ውስጥ ያለው ግጥም ካለቀበት በሩን ከፍቶ ያበላቸዋል። እማማ ከእናታቸው ቀሚስ ሥር ተደብቀው ነበር፤ አባታቸው ግን በር ላይ ቆመው ሃያ ግጥም መልሰዋል። ይህን ስሰማ እኔ ከሁሉም በላይ ተመቸኝ። ለወሎ ሰው የግጥም ምልልስ እንግዳ አይደለም።

እሑድ ሦስት ጊዜ ጸሎት ቤት ነው። ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ይወራል፤ ጸሎት ቤት፣ ቤትና ጉድጓድ ግን በራሳቸው ቋንቋ ነው። አባታቸው ወፍራሙን ድምፅ ከሚይዙት ረድፍ ናቸው። እኛ መንዙማ ስንል አንዱ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል። እነሱ ደግሞ አራት ድምፅ ባንድ ጊዜ ነው የሚያዜሙት። ሽማግሌው ይህን ሲያስረዱኝ ሦስት ነርስ ረዳቶችንና የእማማን ልጅ አሰልፈው ሊያሳዩኝ ሞከሩ፤ አልተሳካም፤ እማማ ጆሯቸውን በግራ እጃቸው ያዙ።

በማርች መጀመሪያ፣ በአገራቸው ጻድቅ ቀን፣ ልጆች ባሮ ሽንኩርት ደረታቸው ላይ ሰክተው ትምህርት ቤት ይሄዳሉ፤ እኩለ ቀን ሳይሆን በልተው ይጨርሱታል። በጰራቅሊጦስ ሰሞን ሰው ሁሉ አዲስ ልብስ ለብሶ፣ ጸሎት ቤቶቹ በየባንዲራቸው ተሰልፈው ይዘምራሉ፤ እንደ ዒድ ነው። በበጋ የግጥም ውድድር ይደረጋል፤ ሽልማቱ ወንበር ነው። የአባታቸው ወንድም በጉድጓዱ ውስጥ እየሠራ በራሱ ውስጥ ያዘጋጀው ግጥም አሸነፈና ትልቅ የተጠረበ ወንበር ይዞ መጣ። ቤቷ ጠባብ ስለሆነች ወንበሩ ከገባ በኋላ ሰው በጎን ነበር የሚያልፈው። የእማማ አያት ግን ማንም እንዲቀመጥበት አልፈቀዱም፤ ገጣሚውንም ጭምር።

አባታቸው ከሥራ ሲመለሱ ጥቁር ሆነው ነው። ከምድጃው ፊት የቆርቆሮ ገንዳ ይቀመጣል። እናት ውኃ ያሞቃሉ። ከሰል ቆፋሪ ጀርባውን አዘውትሮ አይታጠብም፤ አከርካሪ ያደክማል ይላሉ። ውኃው የአባት ነው፤ አባት ሳይታጠብ ልጅ እጇን እንኳን አትነክርበትም።

እዚህ ላይ ሲደርሱ ገባኝ። ሳሙናውን እጄ ላይ እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ።

በመከር ወራት ላይ፣ ሰኞ ቀን፣ ጉድጓዱ ውስጥ ጣሪያው ተደረመሰ። አባታቸውና ሌሎች ስድስት ሰዎች ከወዲያ ቀሩ። መንደሩ በሙሉ ጉድጓዱ አፍ ላይ ወጥቶ ቆመ። እናታቸው ግን ቤት ቀሩ። ይመጣል ብለው ገንዳውን አስቀመጡ፣ ውኃ አሞቁ። ሲቀዘቅዝ ደፍተው እንደገና ያሞቃሉ። ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ። የሰባት ዓመቷ ልጅ ሥራ በጉድጓዱና በቤቱ መሀል መሮጥ ነበር። እናቷ፣ «ወደ ላይ ወጥቷል?» ይሏታል። አልወጣም ብላ ተመልሳ ትሮጣለች።

እማማ ወሬያቸውን ሁልጊዜ እዚህ ላይ ያቆማሉ። ረቡዕ ላይ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ «ኦዲ ኤ ወዲ ዶድ ላን?» ይሉኛል።

አባታቸው ወጡ አልወጡ አላውቅም። ሽማግሌውም የእማማ ልጅም አያውቁም። ልጃቸው የእናቷን አባት አላየችም፤ እናቷም ስለ አባቷ አንድም ቀን አላወራቻትም።

ዋና ነርሷ፣ «አዎ ወጥቷል በያቸዋ! ምን ችግር አለው?» አለችኝ።

«አባታቸው ሞተው ከሆነስ?» አልኩ። «እማማ ያውቃሉ። ያልተነካው የአእምሯቸው ክፍል ያውቃል። ውሸት ከነገርኳቸው ሁለተኛ አያምኑኝም።»

ሽማግሌውም ከእኔ ጋር ሆኑ። «እንዲህ ባለ ነገር አይዋሽም» አሉ። ልጃቸው ግን ምድር ቤቷ ውስጥ እናቷ ወደ መጦሪያ ሲገቡ ያስቀመጠችው ሁለት ሻንጣ እንዳለ አስታወሰች። ከፍታ አይታው አታውቅም።

በሚቀጥለው ሐሙስ ፖስታ ይዛ መጣች። ውስጡ ፎቶ ነበር። አንዲት የሃያ ዓመት ገደማ ወጣት ባርኔጣ አድርጋ፣ ሻንጣ እግሯ ሥር አስቀምጣ፣ ተያይዘው ከተሠሩት ቤቶች አንዱ ደጃፍ ላይ ቆማለች። ከጎኗ ጺሙን የላጨ፣ ትከሻው ሰፊ ሰው አለ። ከፎቶው ጀርባ በእማማ የእጅ ጽሑፍ ሁለት ቃል ብቻ ሰፍሯል። ሽማግሌው አነበቡት። «እኔና አባቴ» አሉ።

ከዚያ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው ፎቶውን ወደ መስኮቱ አስጠጉ። የሰውየው ቅንድብ ላይ ጠቆር ያለ መስመር አለ። «ይህን አያችሁ? የከሰል ጠባሳ ነው። ሰው ጉድጓድ ውስጥ ሲቆስል ትቢያው ከቆዳው ሥር ይቀራል፤ ሰማያዊ ሆኖ አይለቅም።» እኔ የእናቴን የአንገት ንቅሳት አሰብኩ፤ እንደዚያ ነው ማለት ነው። «ይህ ሰው ወጥቷል» አሉ ሽማግሌው። «ወጥቶም ልጁ አድጋ አሜሪካ እስክትሄድ ቆይቷል።»

ልጃቸው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «አልሐምዱሊላህ» አልኩ በለመደ አፌ፤ ሽማግሌው ምን እንዳልኩ ሳይጠይቁ «አሜን» አሉ።

ለእማማ የምመልሰውን አረፍተ ነገር ሽማግሌው ያስተማሩኝ እዚያው ነው። በደብተሬ ጻፍኩት፦ «ማይ ደ ዳድ ወዲ ዶድ ላን። ማይ ኤ ወዲ አሞልኽ።» አባትሽ ወደ ላይ ወጥቷል፤ ታጥቧልም ማለት ነው። የመጨረሻዋን ፊደል ከጉሮሮ ሳወጣት ሽማግሌው ተገረሙ። ቁርኣን ቤት ያደገ ሰው ኸ አይቸግረውም።

ዓርብ የመታጠቢያ ቀን ነበር። ብቻዬን ወሰድኳቸው። ገንዳውን ሲያዩ እጃቸው ጠርዙን ሊይዝ ተዘረጋ። ተንበርክኬ ፊታቸውን እያየሁ ያጠናሁትን ተናገርኩ።

«ኦዲ ኤ?» አሉኝ በጣም ቀስ ብለው። እውነት?

«ኦዲ» አልኳቸው። እውነት ስለነበር ድምፄ አልተንቀጠቀጠም።

ከዚያ ሌላ ነገር ጠየቁኝ። ዱር የምትለዋን ብቻ ለየኋት፤ ስለ ውኃው ነው። ሞቅ ያለ መሆኑን እንዲያውቁ እጃቸውን ወስጄ ነከርኩት። ጣቶቻቸውን ውኃው ውስጥ ዘረጉ፤ ትከሻቸው ወረደ። ገቡ። አንገታቸው ድረስ ገቡና ዓይናቸውን ጨፈኑ። ጀርባቸውን ማሸት ስጀምር ፈገግ ብለው አንድ ነገር አሉ። ጽፌ ይዤ በሚቀጥለው ሳምንት ሽማግሌውን ጠየቅኳቸው። «‹እኔ ከሰል ቆፋሪ አይደለሁም፤ በደንብ እሺው› ነው ያለችሽ» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ ጩኸት አልነበረም። ስብሰባው ገና ካለፈ በኋላ ተደረገ፤ ዐሥር ደቂቃም አልፈጀ። እማማ በክፍላቸው ቀሩ፣ መድኃኒቱም አልታዘዘም። ነርሷ በቻርቱ የመጀመሪያ ገጽ ላይ የሚናገሩትን ቋንቋ ስም በትልቁ ጻፈችበት። የእኔን አረፍተ ነገሮች በእንግሊዝኛ ፊደል ገልብጣ መታጠቢያው ክፍል ውስጥ ለጠፈችው፤ የሌላው ሺፍት ሠራተኞች ሲያነቡት እማማ ያርሟቸው ነበር።

በረዶው ሲቀልጥ እንግሊዝኛቸው ተንጠባጥቦ ተመለሰ። መጀመሪያ ቁጥር፣ ከዚያ የምግብ ስም፣ ከዚያ ሙሉ ንግግር። በኤፕሪል አንድ ጠዋት ቁርስ ይዤ ስገባ ልጃቸው አጠገባቸው ተቀምጣ ነበር፤ እማማ ቀሪውን ወሬ ያለ አስተርጓሚ እየነገሯት ነው። አባታቸው ሐሙስ ከቀትር በኋላ ከአምስት ሰዎች ጋር ወጡ። አንዱ አልወጣም። ሰዎች ሊሸከሟቸው ቢሉ እምቢ ብለው በእግራቸው ቤት ድረስ ሄዱ። እናታቸው ገንዳውን ብቻ አመለከቷቸው። ውኃው አራት ጊዜ ተለወጠ። ከዚያ አባታቸው በዚያ ማንም በማይቀመጥበት የግጥም ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ የእማማ አያትም አይተው አልከለከሉም። በገና ጠዋት ጸሎት ቤት ውስጥ የአንዱ ሰው ቦታ ባዶ ነበር፤ አባታቸው ግን ቅንድባቸው ላይ ጨርቅ ታስሮ በረድፋቸው ቆሙ። እማማ ከኋላ ሆነው የአባታቸውን ድምፅ ከሌላው መሀል ለይተው ሰሙት።

ልጃቸው ዓይኗን ጠረገች። «ይህን ሁሉ ዓመት ለምን አልነገርሽንም?» አለቻቸው።

«አምስት ልጆች ነበራችሁ» አሉ እማማ። «መቼ ልቀመጥ?»

ልጃቸው ሳቀች፤ እሳቸውም ሳቁ። እኔ እንቁላሉን በማንኪያ ቆራርጬ፣ ናፕኪናቸውን አንገታቸው ላይ አስሬ፣ ማንኪያውን በደከመው ቀኝ እጃቸው አስያዝኳቸው። ራሳቸው ወደ አፋቸው አደረሱት። ከዚያ ሌላኛውን ሳህን ይዤ ወደሚቀጥለው ክፍል ሄድኩ።